ኦርጅናል ነው ከመባሉ በፊት

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሚኖር ዳይሺን ሱጋኖ የተባለ የስኒከር ወዳጅ፣ ሲፈልገው የቆየውን ኤር ጆርዳን 5 ኢንተርኔት ላይ አየና ገዛ። ጫማው "ግሬፕ" የሚባለው ነው፤ ነጭ ቆዳው ላይ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ቀለም የገባበት፣ መጀመሪያ በ1990 የወጣና በ2013 ደግሞ እንደገና የተሠራ። ካርቶኑ ደርሶ ሲከፈት ግን ውስጡ ያለው ፎርጅድ ሆኖ ተገኘ። ሱጋኖ ከጓደኛው ከኤዲ ሉ ጋር በ2015 ጎት የተባለውን የስኒከር መገበያያ ያቋቋመው ከዚህ ተነስቶ ነው። የጎት አሠራር ለመረዳት ቀላል ነው። ሻጭ ጫማውን በቀጥታ ለገዢ አይልክም፤ መጀመሪያ ወደ ድርጅቱ ይልካል፣ እዚያ ያሉ አጣሪዎች አገላብጠው ያዩታል፣ ካለፈ ብቻ ወደ ገዢው ይሄዳል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ ሕጎች በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2016 መጀመሪያ ላይ በዲትሮይት ሥራ የጀመረው ስቶክኤክስም ያንኑ መንገድ ያዘ። ኢቤይ በ2020 ኦክቶበር ውድ ስኒከሮችን በአጣሪ እጅ ማሳለፍ ጀመረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዚያ በፊት ስም ያልነበረው ሙያ ተፈጠረ። ሥራው ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ጠረጴዛ ከፊት አድርጎ ጫማ ማገላበጥ፣ መዳሰስና ማሽተት ነው።

ለጫማ ይህን ያህል ጣጣ ምን አመጣው የሚል ሰው ዋጋውን ይመልከት። የመጀመሪያው ኤር ጆርዳን በ1985 ሲወጣ 65 ዶላር ነበር። "ቺካጎ" የሚባለው ነጭ፣ ቀይና ጥቁር የተቀላቀለበት ዓይነት በ2015 ተመልሶ ሲመጣ ሱቅ ውስጥ የተሸጠው 160 ዶላር ነው፤ እግር ያልገባበት ጥንድ ግን ዛሬ በዳግም ሽያጭ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ዲዮር ከናይኪ ጋር በ2020 ያወጣው፣ ጣሊያን ውስጥ የተሠራው ኤር ጆርዳን 1 መነሻ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ለሕዝብ የቀረበውን 8,000 ጥንድ ለመግዛት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቧል። ያልደረሳቸው ሚሊዮኖች ፍላጎታቸው እዚያው ላይ አይሞትም። ኮፒ የሚሠራው ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ከእነሱ ነው።

ገበያው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ከአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ጋር በ2019 ያወጣውን ጥናት ማየት ይበቃል። በ2016 ድንበር ተሻግሮ የተነገደው ፎርጅድ ዕቃ 509 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል፤ ይህም ከጠቅላላው የዓለም ንግድ 3.3 በመቶ ነው። ጉምሩኮች ከያዙት ፎርጅድ ዕቃ ውስጥ በዋጋ አንደኛ የወጣው ጫማ ሲሆን ድርሻው 22 በመቶ ነበር። ከሰዓትም፣ ከቦርሳም፣ ከልብስም በላይ ማለት ነው።

ከዚህ ጫማ ብዙው የሚነሳው በቻይና ፉጂያን ግዛት ካለችው ከፑቲያን ከተማ አካባቢ ነው። ፑቲያን ኮፒ ሥራን ከባዶ አልተማረችም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለታላላቆቹ የስፖርት ጫማ ብራንዶች የሚሠሩ ፋብሪካዎች እዚያ ተተክለው ነበር፤ ቅርጽ ማውጣቱን፣ ቆዳ መቁረጡን፣ ማጣበቁንና መስፋቱን ሠራተኛው በዚያ ለመደው። በኋላ ሙያው ከፋብሪካው ግቢ ወጣ። ኮፒ ሠሪው አዲስ ጫማ እንደወጣ አንድ ኦርጅናል ይገዛል፣ ይበታትነዋል፣ ክፍሎቹን ለክቶ መልሶ ይሠራል። የሚሸጠው ሰው ደግሞ "ከዚያው ፋብሪካ በጓሮ በር የወጣ ነው፣ ምልክቱ ብቻ ነው ያልተፈቀደለት" ይላል። ይህ ወሬ ገዢን ለማባበል የሚጠቅመውን ያህል እውነት የለበትም፤ ሆኖም ኮፒው ከኦርጅናሉ ጋር በአንድ ዓይነት ሙያ የተሠራ መሆኑ የአጣሪውን ሥራ ከባድ ያደርገዋል። ስፌቱ የተንጋደደ፣ ስሙ የተሳሳተ ኮፒ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ችግሩ ያለው ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ነው።

የ2015ቱ ቺካጎ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ እንበል።

አጣሪው ከካርቶኑ ይጀምራል። ከጎኑ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የጫማው ስም፣ ልኩና የሞዴሉ መለያ አለ፤ የዚህ ጫማ መለያ 555088-101 ነው። ስድስቱ አኃዞች የጫማውን ዓይነት ይናገራሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ቀለሙን። በናይኪ አሠራር ከሦስቱ የመጀመሪያው 1 ከሆነ ዋናው ቀለም ነጭ ነው፣ 0 ከሆነ ጥቁር፣ 6 ከሆነ ቀይ። ቺካጎ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ይመስላል፤ በመለያው ግን ነጭ ጫማ ነው። ቀጥሎ በጫማው ውስጥ ያለችው ትንሿ መለያ ትታያለች። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የአውሮፓ ልክ፣ የተሠራበት አገር፣ ምርቱ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን በጥቃቅን ፊደል ታትሞባታል። ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር መግጠም አለበት። ርካሽ ኮፒ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ የሌላ ጫማ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ወይም ጫማው ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ተሠራ የሚል ቀን ይጻፍበታል።

ጥሩ ኮፒ ግን ይህን ፈተና ያልፋል። ቁጥሩን ማንም ሰው ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘዋልና። ስለዚህ አጣሪው ከቁጥሩ ይልቅ አጻጻፉን ያጠናል። የፊደሉ ውፍረት፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ክፍተት፣ የቀለሙ ጥራት ይነጻጸራል። ከዚያ ጫማውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ይህ እንግዳ ቢመስልም በትላልቆቹ የማጣሪያ ማዕከላት የተለመደ ሥራ ነው። ለኮፒ ሥራ የሚውለው ርካሽ ማስቲሽ ካርቶኑ ተከፍቶ ብዙ ከቆየም በኋላ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይተዋል።

ቀጥሎ ቅርጽ ነው። ኤር ጆርዳን 1ን ከኋላ ሲያዩት ወገቡ ጠበብ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሰፋ ይላል፤ ብዙ ኮፒዎች ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ምክንያቱም የተወጠሩበት ፎርማ የተለየ ነው። በቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ባለ ክንፍ የኳስ ምልክት በኦርጅናሉ ቆዳው ውስጥ በደንብ ሰምጦ ጠርዙ የጠራ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ይሰማል። በኮፒው ላይ ወይ ጥልቀት ያንሰዋል፣ ወይ ፊደላቱ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደፈናሉ። የጎን ምልክቱ ጫፍ የሚያልቅበት ቦታ፣ ከእሱ በላይ ያለው ስፌት የሚታጠፍበት ማዕዘን፣ ጣቶቹ ላይ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች አሰላለፍ በየተራ ይታያሉ። መጨረሻ ላይ የውስጥ ሶሉ ይነሳል። ገዢ የማያየው ቦታ ስለሆነ ብዙ ኮፒ ሠሪ እዚህ ላይ ይደክማል። ከሥሩ ያለው ጨርቅ ከላይኛው ክፍል ጋር የተሰፋበት መንገድ፣ የማስቲሹ አቀባብ፣ የክሩ ቀለም ብዙ ይናገራሉ። ክፍሉ ጨለም ተደርጎ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራ ደግሞ በተለመደው ብርሃን ያልታዩ የማስቲሽ ጥፍጥፎችና ለመስፋት የተሠመሩ መስመሮች ፈክተው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ጀማሪ አጣሪዎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ኦርጅናልም ጫማ ጉድለት አያጣውም። አንድ ሞዴል በተለያዩ ፋብሪካዎች ይሠራል፤ በአንዱ ቀለሙ ትንሽ ይደምቃል፣ በሌላው ማስቲሹ ጠርዝ ላይ ይፈስሳል። መብራቱ ሥር የሚፈካ መስመር በአንዳንድ ኦርጅናል ላይም ይታያል። ማስቲሽ የፈሰሰበትን ሁሉ ፎርጅድ የሚል አጣሪ ብዙ ንጹሕ ሻጭ በአጭበርባሪነት ያስጠረጥራል፤ ይህ ፎርጅድ ከማሳለፍ ያነሰ ጥፋት አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ጫማን ለብቻው አይፈርድም፤ ቡና ቀማሽ ሲኒ ደርድሮ አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸረ እንደሚቀምስ፣ አጠገቡ የታወቀ ኦርጅናል አስቀምጦ፣ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ከተቻለም ያው ልክ፣ አንድ በአንድ ያስተያያል። አንድ ምልክት ሲጎድል ይጠረጥራል፤ የሚወስነው ግን በርካታ ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ነው። ስልካቸው ላይ "ኦርጅናሉን በአንድ ምልክት ለዩ" የሚል ቪዲዮ አይተው የሚፈርዱ ሰዎች ያላስተዋሉት፣ ያቺ አንድ ምልክት በታወቀች ማግስት ኮፒ ሠሪውም ቪዲዮውን እንደሚያይ ነው።

የአዲዳስ የይዚ ጫማዎች ታሪክ ይህን ያሳያል። የብዙዎቹ ሶል ቡስት በሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ አዲዳስ ከጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ከቢኤኤስኤፍ ጋር በ2013 ያወጣው፣ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ተነፍተው በእንፋሎት ተጣብቀው የሚሠሩት ለስላሳ ሶል። መጀመሪያ ላይ ፎርጅድ ይዚን ለመለየት ሶሉን በጣት መጫን ይበቃ ነበር፤ ኮፒው ደረቅ ነው፣ እንክብሎቹም የተቀረጹ እንጂ እውነተኛ አልነበሩም። በኋላ ኮፒ ሠሪዎቹ ተመሳሳይ እንክብል ማግኘት ቻሉ፤ የጣት ፈተናውም ብቻውን ዋጋ አጣ።

የሴቶች የፋሽን ጫማ የራሱ ዓለም ነው። ክርስቲያን ሉቡታን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ በሠራው አንድ ጫማ ደስ ሳይለው ቀርቶ፣ አጠገቡ ጥፍሯን ትቀባ ከነበረች ረዳቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ወስዶ ሶሉን እንደቀባው ራሱ ይናገራል። ቀዩ ሶል በዓለም የታወቀ ምልክት ሆነ። በ2012 በኒውዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሉቡታን ከኢቭ ሳን ሎራን ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፣ የጫማው ላይኛ ክፍል ሌላ ቀለም እስከሆነ ድረስ ቀዩ ሶል በንግድ ምልክትነት እንደሚጠበቅ ወሰነ፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ የሆነ ጫማ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2018 ከአንድ የሆላንድ ጫማ ሻጭ ጋር በነበረው ክርክር ለሉቡታን የሚያደላ ውሳኔ ሰጥቷል።

ቀለሙ በሕግ የተመዘገበ የተወሰነ ቀይ ነው። ኮፒው ብዙ ጊዜ ወደ ብርቱካን ወይም ወደ ሮዝ ያዘነብላል፤ አንዳንዴ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ኦርጅናሉ ግን በቆዳ ላይ የተቀባ አንጸባራቂ ቀለም ነው። ሶሉ ላይ የተቀረጸው ፊርማ፣ "ሜድ ኢን ኢታሊ" የሚለው ጽሑፍና በአውሮፓ ቁጥር የተጻፈው ልክ ንጹሕና እኩል መሆን አለባቸው። የታኮው አቀማመጥም ይመሰክራል፤ ጫማው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መወዛወዝ የለበትም፣ ሁለቱም ታኮዎች እኩል ቁመት ሊኖራቸው ይገባል።

ሆኖም በዳግም ሽያጭ የሚመጣ ሉቡታን አብዛኛው የተደረገ ነው። እውነተኛው ቀይ ቀለም ደግሞ አስፋልት ላይ ጥቂት እንደተሄደበት ከጣቶቹ ሥር ይለቃል። አንዳንድ ባለቤት መልሶ ያስቀባዋል፣ አንዳንዱ እንዳይላጥ ቀይ ጎማ ያስለጥፍበታል። ስለዚህ ተደርጎ ሶሉ አዲስ የመሰለ ጫማ ፎርጅድ ነው ማለት አይቻልም፣ ሶሉ የተላጠውም ኦርጅናል ነው ማለት አይቻልም። አጣሪው ሶሉን ትቶ ወደ ገበሩ፣ ወደ ስፌቱና ወደ ውስጡ ማኅተም ይዞራል። ሻጩ ማስቀባቱን አስቀድሞ ቢናገር ለሁሉም ይጠቅማል።

ጊዜም ራሱ ያጣራል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወጡ ብዙ የጆርዳን ሞዴሎች የመካከለኛ ሶላቸው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ነው። ይህ ነገር ከአየር እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ከአሥርና አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ይሰነጠቃል፣ ሲጫኑትም ይፈረፈራል። አንድ ሰው በ1990 የተሠራ ኤር ጆርዳን 5 ነው ብሎ ሶሉ ለስላሳና የሚለጠጥ ጫማ ቢያመጣ፣ ወይ ሶሉ ተቀይሯል፣ ወይ ጫማው ዕድሜው ከተባለው በጣም ያንሳል። እዚህ ላይ መፈርፈሩ ጥሩ ምስክር ነው። ገዢው ግን ሊያደርገው ፈልጎ ከሆነ፣ ኦርጅናልነቱ የተረጋገጠ ጫማ መንገድ ላይ ሊበታተንበት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የሰው ዓይን ይደክማል። ስለዚህ ማሽን እንዲያግዝ ተሞክሯል፤ ውጤቱም የሚናቅ አይደለም። ኢንትሩፒ የተባለው የኒውዮርክ ድርጅት ስልክ ላይ የሚገጠም ማይክሮስኮፕ ሠርቶ፣ በዓይን የማይታዩ የቆዳና የክር ዝርዝሮችን ፎቶ እያነሳ ኮምፒውተር እንዲያነጻጽራቸው አደረገ። ከድርጅቱ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች በ2017 ባቀረቡት ጽሑፍ ዘዴው ጫማን ጨምሮ በተለያዩ ዕቃዎች ላይ ከ98 በመቶ በላይ ትክክል እንደሆነ ገልጸዋል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ግን በ100,000 ጥንድ ላይ 2 በመቶ ስህተት 2,000 ጥንድ ማለት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጀርባ ገንዘቡን የከፈለ ወይም ስሙ የተነካ ሰው አለ። ብራንዶቹም በበኩላቸው ጫማው ውስጥ መለያ መቅበር ጀምረዋል። ፌራጋሞ ከ2014 ጀምሮ በሴቶች ጫማ ግራ ሶል ውስጥ በሬዲዮ የሚነበብ ቺፕ አስቀምጧል። ኤልቪኤምኤች፣ ፕራዳና ካርቲየርም በ2021 የዕቃቸውን የትመጣ በብሎክቼን የሚመዘግብ የጋራ ማኅበር መሥርተዋል። እነዚህ ለወደፊቱ ጠቃሚ ናቸው። ዛሬ በዳግም ገበያ የሚዞሩት ብዙዎቹ ጫማዎች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የተሠሩ ናቸው።

ማጣራት ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያሳየው ትልቁ ክርክር በናይኪና በስቶክኤክስ መካከል የተካሄደው ነው። ስቶክኤክስ ያጣራውን ጫማ አረንጓዴ መለያ እያንጠለጠለ ይሸጥ ነበር። ናይኪ በ2022 ፌብሩዋሪ በሌላ ምክንያት፣ ድርጅቱ የናይኪ ጫማዎችን ሥዕል በዲጂታል መልክ በመሸጡ፣ ክስ መሠረተ። በዚያው ዓመት በሜይ ግን ክሱን አሰፋው። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከስቶክኤክስ የገዛቸው አራት ጥንድ ጫማዎች አረንጓዴው መለያ ተንጠልጥሎባቸው ፎርጅድ ሆነው ተገኙ አለ። በኋላም አንድ ደንበኛ የገዛቸው 33 ጥንዶች በክርክሩ ተጨመሩ። በ2022 ኖቬምበር ስቶክኤክስ ጫማዎቹ ላይ ያለውን ቃል ለስለስ አደረገው፤ "እውነተኛነቱ ተረጋግጧል" ከሚለው ይልቅ "በስቶክኤክስ ተረጋግጧል" ወደሚለው ዞረ። በ2025 ማርች የኒውዮርኳ ፌዴራል ዳኛ ድርጅቱ ለ37ቱ ፎርጅድ ጥንዶች ተጠያቂ ነው ስትል ወሰነች፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ሁለቱ ወገኖች በስምምነት ክሳቸውን ዘጉ።

ስቶክኤክስ እጅ የሚያልፈው ጫማ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ 37 ጥንድ ከዚያ አንጻር ጥቂት መምሰሉ አይቀርም። ግን ገዢው ከዋጋው በላይ የማጣሪያ ክፍያ የሚከፍለው ጥርጣሬው ከላዩ እንዲነሳ ነው። መለያው ተንጠልጥሎ ጥርጣሬው ከቀረ የከፈለበት ነገር ምን እንደሆነ ግልጽ አይሆንም። ሌላም ጣጣ አለ፤ መለያውም ራሱ ፎርጅድ ይደረጋል። ባዶ ኦርጅናል ካርቶን ለብቻው ይሸጣል፣ የግዢ ደረሰኝም ይታተማል። ኦርጅናል ጫማ ከሱቅ ገዝቶ ኮፒውን በካርቶኑ ከትቶ ለሱቁ የሚመልስ አጭበርባሪም አለ። ደረሰኝ ግዢ መፈጸሙን ያሳያል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጫማ ያ የተገዛው መሆኑን ግን አያሳይም።

ጫማን ከታሪኩ ጋር ማያያዝ በጣም የረቀቀበት ቦታ ጨረታ ነው። ሶዝቢስ በ2023 ኤፕሪል በ2.2 ሚሊዮን ዶላር የሸጠው ኤር ጆርዳን 13፣ ማይክል ጆርዳን በ1998 የኤንቢኤ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ ላይ አድርጎት የነበረው ነው። ከጨዋታው በኋላ ጫማውን ለአንድ ኳስ አቀባይ ልጅ ሰጠው። ማረጋገጫው የልጁ ቃል ብቻ አልነበረም። ባለሙያዎች በዚያ ምሽት የተነሱ ፎቶግራፎችን አቅርበው፣ በቆዳው ላይ ያለውን እጥፋትና ጭረት ከጫማው ጋር አንድ በአንድ አገጣጠሙ። እጥፋት እንደ አሻራ ነው፤ ሁለት ጫማ ከአንድ መሥመር ወጥቶ እንኳ ሰው ሲያደርገው በአንድ ዓይነት አይጨማደድም።

አዲስ አበባ ውስጥ ገዢና ሻጭ የሚነጋገሩት አጠር ባለ ቋንቋ ነው። "ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው?" "ኦርጅናል ነው እንጂ! እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ።" ከአሜሪካ መምጣቱ እንደ ማረጋገጫ ይቆጠራል። ግን ከላይ የተነገረው ክርክር ሁሉ የተካሄደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ እዚያም ሰው ከኢንተርኔት ፎርጅድ ይገዛል፣ ሳያውቅም ለዘመዱ ይልካል። በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ የሚሸጡ ሰዎች "ማስተር ኮፒ" ብለው በግልጽ ሲጽፉ ቢያንስ ገዢው የሚገዛውን ያውቃል። ጉዳቱ የሚብሰው ኮፒውን በኦርጅናል ዋጋ ሲሸጡት ነው።

አንድ የተሳሳተ እምነትም ሊታረም ይገባል። ብዙ ሰው "ሜድ ኢን ቬትናም" ወይም "ሜድ ኢን ቻይና" የሚል ሲያይ ኮፒ ነው ብሎ ይተወዋል። የናይኪ ጫማ ግን ግማሽ ያህሉ የሚሠራው ቬትናም ነው፤ ቀጥሎ ኢንዶኔዥያና ቻይና ይመጣሉ። የዛሬ ጆርዳን ላይ "ሜድ ኢን ዩኤስኤ" የሚል ቢገኝ ነው የሚያስጠረጥረው። የእኛም አገር በዚህ ካርታ ላይ አለች። የቻይናው ሁዋጂያን ኩባንያ ከ2012 ጀምሮ ዱከም ባለው ፋብሪካው ጌስን ለመሰሉ የውጭ ብራንዶች ጫማ ሠርቷል፤ እዚያ ተሠርቶ "ሜድ ኢን ኢትዮጵያ" የተባለ ጌስ ጫማ ኦርጅናል ነው። ባለ ታኮ ሉቡታን ላይ ግን ከጣሊያን ሌላ አገር ከተጻፈ ወዲያውኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጫማውን በአካል ሳያዩ የሚገዙ ሰዎች ከሻጩ ሊጠይቁት የሚገባ የፎቶ ዓይነት የታወቀ ነው። ሁለቱም ጫማዎች ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሥር፤ የውስጡ መለያ ፊደሉ እስኪነበብ ቀርቦ፤ የካርቶኑ መለያ፤ የውስጥ ሶሉ ተነስቶ ሥሩ። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ እንዳይሆን ሻጩ ስሙንና የዕለቱን ቀን የጻፈበት ወረቀት ከጫማው አጠገብ አስቀምጦ ያነሳ ዘንድ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ሐቀኛ ሻጭ ይህን በደቂቃዎች ያደርገዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኮፒን ኦርጅናል ብሎ መሸጥ ሁለት ሕግ ይነካል፤ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክቱን ባለቤት መብት ሲያስከብር፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹን ከሚያሳስት ንግድ ይጠብቃል። ሻጩ "ኦርጅናል ነው" ብሎ የጻፈበት የቴሌግራም መልእክትና የባንክ ክፍያው ማስረጃ እስከ መጨረሻው መቀመጥ አለባቸው።

ከዘመድ የሚላክ ጫማ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ዘመድ ጫማውን ከመተግበሪያ ይገዛና ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ እስኪገኝ ወር ሁለት ወር ቤቱ ያስቀምጠዋል። መንገደኛ ተገኝቶ ጫማው እዚህ ደርሶ፣ አንድ አዋቂ ሰው አይቶት ፎርጅድ ነው ሲል፣ ለሻጩ መመለሻ የተሰጠው ቀን ብዙ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ካርቶኑ በደረሰ ዕለት ላኪው ከፍቶ ከላይ የተባሉትን ፎቶዎች እያነሳ ቢልክ፣ ማጣራቱም ጫማው ሻንጣ ውስጥ ሳይገባ፣ ገና ዋሽንግተን ወይም ዱባይ እያለ ቢያልቅ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል።